ሃያ ሁለት ሚሊ

ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከሽቦ አጥሩ መሃል፣
የዝናብ መስፈሪያዬ እንደ ዘብ ቆሟል።
ጠዋት በሦስት ሰዓት ክዳኑን ከፍቼ፣
ያደረውን ውሃ በብርጭቆ ለክቼ፣
እጽፋለሁ ቁጥሩን፤ አሥራ ስድስት ዓመት፣
ሰማይን ስሰፍር ያለ አንድ ቀን ዕረፍት።

ከበላያችን ያለው ወይራ አፋፍ ይባላል፣
ስሙ ብቻ ቀርቶ ወይራው ግን ነድዷል።
በመጋቢት ማለቂያ፣ ነፋስ በበዛበት፣
አምስት ቀን ሙሉውን፣ አምስትም ሌሊት።
ማር ቆራጭ ነው አሉ፣ ከሰል አክሳይ አሉ፣
ማን እንደለኮሰው የሚያውቁት ዝም አሉ።
እኔም አልጻፍኩትም፤ መዝገቤ ላይ ያለው
የዝናብ ዓምድ ነው፣ ለእሳት ቦታ የለው።
ከሐይቁ ማዶ ለማዶ ባሕር ዳር ሲበራ፣
እኛ ዘንድ የሚበራው ተራራው ነበራ።

ግንቦት ላይ ጭራሮ ልለቅም ወጣሁ።
አመዱ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።
ከኮዳዬ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግሁ፤
መሬቱ አልጠጣም።
ቅቤ የጠጣ ቆዳ ላይ እንደወደቀ፣
ውሃው ዶቃ ዶቃ ሆኖ ቁልቁል ተንከባለለ።
በጣቴ ጫርኩት፤ ከሥሩ ደረቅ ዱቄት።
“ምድር ውሃ እንቢ አለች” ብዬ ሳቅሁ።
ሳቅሁ!
ለማንም ሳልነግር ጭራሮዬን ተሸክሜ ወረድኩ።

ሰኔ ሃያ ሦስት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ዝናቡ መጣ።
ኃይለኛ አልነበረም፤ አምላለሁ ካላችሁኝ እምላለሁ።
ቆርቆሮ ላይ የሚያወራ እንጂ የሚጮህ ዝናብ አልነበረም።
አምና ይህንኑ ያህል ዘንቦ
ባንቺአምላክ በማግስቱ ጎመን ተክላበታለች።

ዘንድሮ ተራራው አብሮት ወረደ።

መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፤ የረጠበ አመድ።
ቀጥሎ ድምፁ፤ የጭነት መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ፣
ሲገለብጥ፣ ገልብጦም ሳይጨርስ።
ውሃ አትሉት፣ ጭቃ አትሉት፤
ቋጥኝ፣ ጉቶ፣ ከሰል፣ የነደደ የንብ ቀፎ፣
ሥር ይዞት የኖረው ሁሉ፣ ሥሩ ሲለቀው።
ደረቆ የምንለው፣ ፍየል የሚዘለው ቦይ፣
በአንድ ሌሊት የወንዝ አፍ አወጣ።
እንየው በሬዎቹን ሊፈታ ጋጣው ገባ።
በሬዎቹ ወጡ።

ጠዋት በሦስት ሰዓት (ሌላ ምን ላድርግ?)
እስከ ጉልበቴ ጭቃ እየረገጥኩ ሄጄ ክዳኑን ከፈትኩ።
ውስጡ ያለው ውሃ እንደ ዓይን የጠራ ነበር።
ሃያ ሁለት ሚሊ።
ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ያሳፍረኛል።

ጣና ሦስት ቀን ጠቁሮ ሰነበተ።
አንማው ታንኳውን ገፍቶ መረቡን ቢስብ
ቀረሶም የለ፣ አምባዛም የለ፤ ከሰል ያዘ።
አንድ እግር ጫማም ያዘ። የማን እንደሆነ አልጠየቅነውም፤
ፊቱን ወደ ደንገሉ አዙሮ አጠበው።

ወሩ ሲያልቅ መዝገቤን በፌስታል ጠቅልዬ
በጀልባ ባሕር ዳር፣ ከዘንባባዎቹ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ።
ወጣቱ ባለሙያ ጣቱን በዓምዱ ላይ አወረደ፣
ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ አልቆመም።
“ያ ሌሊትስ?” አልኩት።
“መጠነኛ ነው” አለኝ፣ ቀና ብሎ፣ በትሕትና።
ልክ ነው፤ መጠነኛ ነው።
ሰማይ አልበደለንም።

“ምርመራ” የሚል ጠባብ ዓምድ አለ ከዳር፣
አሥራ ስድስት ዓመት ባዶውን የነበር።
አሁን እጽፍበታለሁ፦ ተራራው ራቁቱን ነው።
በማግስቱም፦ ተራራው ራቁቱን ነው።
ሐምሌ ገና ሙሉው አለ፤ ነሐሴም ከኋላው።

ማታ ደመና ሲቋጠር ባትሪዬን ይዤ
ከደረቆ በታች የቀሩትን አራት ቤቶች አንኳኳለሁ።
“ኧረ ይሄ ጥቂት ነው የሚዘንበው!” ይሉኛል፣ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ።
“አውቃለሁ” እላለሁ፣
“ጥቂት ነው።
ተነሡ።”